አሥራ ስድስተኛው ቋጠሮ

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ባጃጅ በዩኒቨርሲቲው በር ስትገባ ጥበቃዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጣሪያዋ ላይ ከራሷ የሚበልጥ የቀርከሃ ነገር ታስሮባታል። ቅርጫት እንዳይሉት ክዳንም ታችም የለው፤ የዶሮ ቤት እንዳይሉት በየቀዳዳው ዶሮ ቀርቶ በግ ይሾልካል። ከባጃጇ ጎን አንድ ረጅም ጠይም ወጣት ያንን ነገር በአንድ እጁ ደግፎ በእግሩ ይሮጣል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ፊቱ ግን የሠርግ ቤት ፊት ነው።

ሀምዲያ ከፎቅ መስኮት አየችው። ልቧ እንደ ልማዱ ቀድሟት ደረጃውን ወረደ።

ጣሀ የአምባ ዘጠኝ ሰፈራ መንደር ልጅ ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነስተው አሶሳ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቶ ቀርከሃ ያዘ፤ ወንበር፣ አልጋ፣ አጥር፣ መጋረጃ ይሠራል። ሀምዲያ ደግሞ የሀጂ ኡመር ልጅ ናት። ሀጂ ኡመር ከሆሞሻ ወረዳ ወጥተው በአሶሳ ገበያ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ በበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌዎች መሐል ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከሆነች ወዲህ ሱቃቸው የገባ ሰው ጨርቅ ባይገዛ እንኳ የሀምዲያን ወሬ ሳይሰማ አይወጣም።

ሀምዲያ የምታስተምረው ኮምፒውተር ነው። ከማስተማሩ ሌላ ግን የሰማ ሁሉ «ምን አልሽ?» የሚላት አንድ ነገር ይዛለች። እኛ የምናውቀው ሳጥን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ አለው። እሷ ደግሞ ሌላ አራተኛ አቅጣጫ ቢኖርና ሳጥኑ በዚያም በኩል ቢዘረጋ ምን ይመስል ነበር ብላ ትጠይቃለች። መልሱን በስሌት ታገኘውና ለኮምፒውተሩ ታስረክበዋለች፤ ኮምፒውተሩም ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ቅርጽ እያሽከረከረ ጥላውን በስክሪን ላይ ያሳያታል።

ሁለቱ የተገናኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። በጥር ወር የከሰዓቱ ፀሐይ እየገባ ስክሪኑን አላሳይ ቢላት የቀርከሃ መጋረጃ አዘዘች፤ ሰቃዩ ጣሀ ሆነ። ሥራውን ጨርሶ መሄድ ሲገባው ከጀርባዋ ቆሞ ቀረ። በስክሪኑ ላይ ሳጥን በሳጥን ውስጥ ሆኖ ይዞራል። የውስጡ ያብጣል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጩን ይውጠዋል፤ የተዋጠው ደግሞ ከመሐል እንደገና ብቅ ይላል።

«ኧረ ይሰበራል!» አለ ጣሀ ሳያስበው።

«አይሰበርም።»

«አንደኛው ዘንግ ሲያጥር አየሁት፣ ወላሂ።»

ሀምዲያ ሳቀች። ከወለሉ የቀርከሃ ስንጥቅ አንስታ ሰጠችውና ትንሽ ሳጥን እንዲያስርላት ለመነችው። እሷ ቃሏን ሳትጨርስ እሱ አሥራ ሁለቱን ስንጥቅ አስሮ ጨረሰ። ሳጥኑን በመስኮቱ ብርሃን ይዛ በግድግዳው ላይ ጥላውን አዞረችው። ጥላው ተጨማደደ፣ ተለጠጠ፣ አንዱ መስመር አጠረ፣ ሌላው ረዘመ።

«ሳጥንህ ተሰበረ እንዴ?» አለችው።

«ሳጥኑማ ደህና ነው። ጥላው ነው የተንጋደደው።»

«ይሄም ጥላ ነው» አለች ወደ ስክሪኑ እያሳየች። «ጥላውን የጣለው ነገር ግን እዚህ ክፍል አይገባም። እዚህ ዓለምም አይገባም። እያንዳንዱ ጠርዙ ግን እኩል ነው፣ አንዱም አያጥርም።»

ጣሀ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መዶሻውን በእጁ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ በሹክሹክታ «ሱብሃነላህ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሀምዲያ ሁለት ዓመት ስታስተምር ይህን ነገር ያሳየቻቸው ሁሉ «ምን ይጠቅማል?» ብለው ነበር የሚጠይቋት። እንደዚህ ዝም ያለ ሰው አላየችም። እውነቱን ለመናገር የወደደችው ያንን ዝምታውን ነው፤ ዓይኑንና ትከሻውን የወደደችው በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ። ማንጎ አፍርቶ በየቆርቆሮው ላይ መውደቅ ሲጀምር የሁለቱ መዋደድ ወሬ ሀጂ ኡመር ሱቅ ደረሰ። ሰውየው አልጮሁም፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሸርቆሌ በእርዳታ ድርጅት ኃላፊ የሆነ፣ መኪና የሚነዳ ሰው ቤተሰቦቹን ልኮ ሀምዲያን ለትዳር ጠይቋል፤ መልስ እየተጠበቀ ነው። በዚያን ቀን ሀጂ ኡመር ለልጃቸው በበርታ ቋንቋ እንዲህ አሏት፦

«ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲያችሁ በሩን ለከተማው ሰው ይከፍታል ብለሽኛል። እመጣለሁ። ያ የቀርከሃ ሰውሽ በተማሩ ሰዎች ቤት ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ልየው። ካሳመነኝ እንነጋገራለን። ካላሳመነኝ ለሸርቆሌዎቹ እሺ እላለሁ፤ አንቺም ስሙን ዳግም አታነሺብኝ።»

ስለዚህ ሀምዲያ ለጣሀ ትልቅ ሥራ ሰጠችው። በስክሪኑ የሚዞረውን ቅርጽ ጥላ ሰው በእጁ ሊነካው እንዲችል በቀርከሃ ይሥራው። ሥዕሉን አትማ ላከችለት፤ የቀረውን በስልክ ነገረችው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነች።

እንግዲህ ባጃጇ ቆማ፣ ገመዱ ተፈትቶ፣ ያ ነገር በኮምፒውተር ክፍሉ መሐል ሲቀመጥ ሀምዲያ ዞረችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ሳጥን በሳጥን ውስጥ የት አለ? ይሄ በሁሉም በኩል እንደ ተጠረበ ድንጋይ ጎን ጎን ያወጣ፣ መስኮቱ ሁሉ ወደ ጎን የተንጋደደ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ስምንት ዘንግ እንደ ጃርት እሾህ የተሰበሰበበት ሌላ ነገር ነው። በአንገቷ ላይ ሙቀት ወጣ። የአባቷ ዝቅ ያለ ድምፅ በጆሮዋ ተሰማት።

«ጣሀ… ይሄ ምንድነው?»

«ያዘዝሽኝ ነዋ።»

«እኔ ያዘዝኩህ በሳጥን ውስጥ ሳጥን ነው! ሥዕሉን ሰጥቼህ የለ?»

በክፍሉ ውስጥ ሰው አለ። ከደብረ ማርቆስ መጥታ እዚህ የምታስተምረው ጓደኛዋ ፍሬሕይወት ወንበር እየደረደረች ነው። ሁለት መምህራን በሩ ላይ ቆመዋል፣ ተማሪዎች ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ወደ እነሱ ዞረ።

«ሥዕሉን አይቼዋለሁ» አለ ጣሀ ቀስ ብሎ። «ቃልሽ ግን ሌላ ነበር።»

«ቋጠሮዎቹን ቁጠራቸው እስቲ! አሥራ ስድስት ነው ያልኩህ፤ እኔ የማየው አሥራ አምስት ነው። ካልገባህ አልገባኝም ማለት ምን ያሳፍራል? የተማረ ሰው እንኳ ይጠይቃል!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ሊመለስ አይችልም። የጣሀ ፊት ወዲያው አልተለወጠም፤ ብርሃኑ ብቻ ቀስ ብሎ ጠፋ። እጆቹን በሱሪው ጠረገ፣ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በሁለት ዘንጎች መሐል ሰካው።

«ላነብልሽ ነበር ያመጣሁት» አለ። «እንግዲህ የተማርሽ ነሽ፣ ራስሽ አንብቢው።»

ወጥቶ ሄደ። ባጃጇ ባዶ ጣሪያዋን ይዛ በበሩ ስትወጣ ሀምዲያ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር። የሆነ ነገር ከእጇ እንደወደቀ አውቃለች፣ ጎንበስ ብላ ለማንሳት ግን ኩራቷ አላስቻላትም።

*

ወረቀቱን የከፈተችው ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ነው። የጣሀ ጽሕፈት እንደ አጥሩ ነው፣ ቀጥ ያለና ጥብቅ።

«ሀምዲያዬ፣

እንደምን ከረምሽ ልበል እንጂ ከትናንት ወዲያ ተያይተናል። በአፌ ስነግርሽ ስለምንተባተብ ጻፍኩልሽ።

በስልክ አራት ነገር አልሽኝ። ዘንጎቹ ሠላሳ ሁለት ናቸው፣ ሁሉም እኩል ናቸው አልሽ። ቋጠሮው አሥራ ስድስት ነው፣ በየቋጠሮው አራት አራት ዘንግ ይገናኛል አልሽ። ከአንድ ቋጠሮ የሚነሱት አራቱ እኩል ተራርቀው ይነሳሉ፣ ማንም ከማንም አይጠጋም አልሽ። እያንዳንዱ ዘንግ ሰባት ወንድም አለው፣ ስምንቱም ወዳንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ አልሽ። ሥዕሉ ግን ሌላ ነገር ይለኛል። በሥዕሉ የውስጦቹ ዘንጎች አጫጭር ናቸው። ቃልሽና ሥዕልሽ አልታረቁልኝም። ሥዕሉን ልመን ወይስ አንቺን? አንቺን አመንኩ።

ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። አሥራ አራቱ ቋጠሮ ወደ ውጭ ሁኖ ተሟላ። የቀሩት ሁለቱ ግን ሁልጊዜ መሐል ላይ አንድ ቦታ ይመጡብኛል። አንዱን ወዲያ ላርገው ስል ዘንጎቹ እኩል አልሆን ይሉኛል። ሁለቱን ባንድ ክር ብጠፍራቸው ደግሞ አንዱ ይጠፋል፤ አንቺ አሥራ ስድስት ነው ያልሽው። ስለዚህ አንዱን በቀይ፣ አንዱን በጥቁር ክር ለየብቻ አሰርኳቸው። ዓይን አንድ ቢላቸውም ሁለት መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ። ጥፋት ካለው ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ቃልሽን ግን አላፈረስኩም።

እሁድ ወደ ጉባ የሚሄድ መኪና አለ። እዚያ የእንጨት ሥራ አለ ብለውኛል። አባትሽ ቅዳሜ ደስ ካላቸው አልሄድም። ካልወደዱኝ ግን በአንቺና በአባትሽ መሐል የምቆም ሰው አይደለሁም።

ጣሀ»

ሀምዲያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ ቀርከሃው ተመለሰች። ወደ መሐሉ እጇን ሰደደች። እውነቱን ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። ከቀዩ አራት ዘንግ ይነሳል። ከጥቁሩም አራት ይነሳል፣ እያንዳንዱ ከቀዩ ዘንግ በተቃራኒ። ሰውየው ሠላሳ ሁለቱን ዘንግ ለክቶ፣ አራቱን አቅጣጫ ጠብቆ፣ ሁለቱን ቋጠሮ እንኳ ሳያደባልቅ ሠርቷል። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?

«ፍሬ» አለች፣ ድምፅዋ እንግዳ ሆኖባት። «ነይ እስቲ።»

ኮምፒውተሯን ከፈተች። የላከችለት ሥዕል ዓይን እንደሚያየው ተደርጎ የተሣለ ነው፤ የሆሞሻ መንገድ ወደ ሩቅ ሲሄድ እንደሚጠብ ሁሉ፣ በአራተኛው አቅጣጫ የራቀው ሳጥን ትንሽ ሆኖ ይታያል። እንዲህ የሚያደርገው ከዓመት በፊት ራሷ በፕሮግራሙ ውስጥ የጻፈችው አንድ የትእዛዝ መስመር ነው። ለዓይን ያምራል ብላ አደረገችው፣ ከዚያ ረሳችው። አጭር ዘንግ ኖሮ አያውቅም፤ ያጠረው በሥዕሉ ነው።

ያችን አንዲት መስመር ሰረዘች። ሁለቱ ሳጥኖች እኩል ሆኑ። ከዚያ ቅርጹን ቀስ እያለች አዞረችው፣ ጎኑን ሳይሆን ማዕዘኑን ወደ እሷ እስኪያዞር ድረስ፣ በአራቱም አቅጣጫ እኩል እስኪያዘነብል ድረስ።

ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በእርሳቸው እየገቡ ተዋሐዱ። ረጅሞቹ መስመሮች አጠሩ፣ አጭሮቹ ረዘሙ፣ ሁሉም በአንድ ልክ ላይ ተገናኝተው ቆሙ። ዳር ዳሩን አሥራ አራት ነጥብ ከበበው። መስኮቶቹ ወደ ጎን ተንጋደዱ። መሐል ላይ የነበሩት ሁለት ነጥቦች ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ አንድ ሆኑ።

በስክሪኑ ላይ ያለውና ወለሉ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው። ልዩነት የለውም፤ አንድ ዘንግ እንኳ ከቦታው አልተዛነፈም።

«በስመአብ!» አለች ፍሬሕይወት። «ሀምዲያ፣ ይሄ እኮ የሱ ነው። ልጁ ያለ ኮምፒውተር እዚህ ደረሰ!»

ሀምዲያ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። ሁለቱን የመሐል ነጥቦች አንዱን በቀይ፣ አንዱን በጥቁር ቀባቻቸውና ቅርጹን በጣም ጥቂት አዞረችው። ነጥቡ ተሰነጠቀ። ቀዩ ወደ አንድ በኩል፣ ጥቁሩ ወደ ሌላ በኩል እየተንሸራተቱ ተለያዩ፤ ጣሀ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ የፈለገው አሥራ ስድስተኛ ቋጠሮ ዓይኗ እያየ ወጣ።

«በእውነተኛው ቅርጽ ምን ያህል ይራራቃሉ?» አለች ፍሬሕይወት።

ሀምዲያ ስሌቱን ታውቀዋለች። ቢሆንም እንደገና ሠራችው፤ አላመነችም። «ቅርጹ የሚችለውን ያህል ይራራቃሉ» አለች። «በጠቅላላው ቅርጽ ላይ ከነዚህ ሁለት የበለጠ የሚራራቅ የለም።»

እነዚያን ሁለቱን ነው እንግዲህ ጣሀ እንዳይጠፋፉ አንድ ቦታ ላይ ለየብቻ ያሰራቸው። አራት ዓመት የተማረችው፣ ሁለት ዓመት ያስተማረችው ነገር ዛሬ ገና ዕንባዋን አመጣው። የሚያስደንቀው ቅርጹ ይሁን የሠራው እጅ፣ መለየት አቃታት።

*

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አምባ ዘጠኝ ሄደች። ጣሀ ከሚሠራበት ዳስ ሥር ቆሞ መጋዙንና ቆንጨራውን በጆንያ እየጠቀለለ ነው። መምጣቷን አወቀ፣ ቀና ግን አላለም።

«ለጉባ ነው?» አለች።

«ሥራ ነው።»

«ጣሀ፣ ስህተቱ የኔ ነው። ቃሌ ልክ ነበር፣ ሥዕሌ ነው የተሳሳተው። አንተ የሠራኸው ከኔ ሥዕል ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። በኮምፒውተር አየሁት፣ ልክ ነው፣ ሁሉም ልክ ነው! ቀይና ጥቁሩም…»

እጁ ጆንያው ላይ ቆመ። «ቀይና ጥቁሩ ምን ሁነው?»

«ሁለት ናቸው። እንዳልከው።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሊበራ ብሎ ተመለሰ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ደስ ብሎኛል። ግን በሰው ፊት ነው ያልሽኝ ሀምዲያ። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ መቆሜን አንቺ ረስተሽው ነው የምትወጂኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ጉሮሮሽ ላይ ነው ያለው።»

«በሰው ፊት እመልሰዋለሁ።»

«አባትሽ ፊት?»

«አባቴ ፊት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ተይው በሞቴ። እኚህ ሰውዬ ባንቺ ነው ደረታቸውን የሚነፉት። ሆሞሻ ሙሉ ሰው ይዘው ይመጣሉ። ልጄ ተሳሳተች፣ ያረማት አጥር ሠሪ ነው ቢባል ምን ፊት ይኖራቸዋል? እኔን አይወዱኝ፤ አንቺንም ያጡሻል።»

ይሄን አላሰበችበትም ነበር። እየሄደ ያለ ሰው፣ ተበድሎ የቆመ ሰው፣ አሁንም ስለ አባቷ ክብር ያስባል። ጉንጯን ለመንካት እጇን አነሳች፤ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ስለሚያይ መለሰችው።

«ቅዳሜ ና» አለች። «በኋላ በር ላይ ቁም፣ ካልፈለግክ አትናገር። ብቻ ና።»

እመጣለሁ አላለም፣ አልመጣምም አላለም። ባጃጅ እስክታገኝ አስፋልት ዳር በፀሐይ ቆማ ያንን ዝምታውን ተሸክማ ነበር። በጥር ወር የወደደችው ዝምታ ነው፣ ዛሬ ግን ከበዳት።

*

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከባምባሲ የመጡ ተማሪዎች አሉ፣ ከገበያ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ነጋዴዎች አሉ። ሀጂ ኡመር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከሆሞሻ ከመጡ አምስት ሽማግሌዎች ጋር የፊቱን ረድፍ ይዘዋል። የጣሀ ቀርከሃ ከመድረኩ መሐል በአንድ ክር ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ አምፖል በርቶ ጥላው ግድግዳው ላይ ወድቋል።

ሀምዲያ ተነሳች። በሩን አየች፣ ጣሀ የለም። ማይክራፎኑን ያዘች።

«በስክሪኑ ላይ የምታዩት የማናየው ነገር ጥላ ነው» ብላ ጀመረች። ሳጥኑን አዞረች፤ ሳጥን ሳጥንን ሲውጥ፣ የተዋጠው ሲመለስ አዳራሹ ጉምጉም አለ። አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አሹ።

«ይህን ሥዕል የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይህን ቀርከሃ የሠራው ደግሞ ጣሀ የሚባል የአምባ ዘጠኝ ሰው ነው። እንደምታዩት አይመሳሰሉም። ሐሙስ ዕለት እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ተሳስተሃል አልኩት። ካልገባህ የተማረ ሰው እንኳ ይጠይቃል አልኩት።»

አባቷ ቀና አሉ። ሀምዲያ አየቻቸው፤ ንግግሯን ግን አላቋረጠችም።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ዘንግ እኩል ነው ብዬ ነገርኩት፣ እኩል ያልሆነ ሥዕል ሰጠሁት። እሱ ቃሌን ይዞ ሠራ። አሁን ሥዕሌን አርሜዋለሁ። እዩት።»

ቅርጹ መዞር ጀመረ። ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በእርሳቸው ገቡ፣ መስመሮቹ ተስተካከሉ፣ ዳሩ ተከበበ። ከመድረኩ ላይ የተንጠለጠለውና በስክሪኑ ላይ የሚዞረው አንድ ሆነው ቆሙ። ከዚያ አንድ ሰው ተደንቆ «ያ ሰላም!» አለ፣ ጭብጨባው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ።

ጭብጨባው መሐል ከኋላ በር አንድ ረጅም ሰው ሲመጣ አየች። ጣሀ በወንበሮቹ መሐል ይሄዳል፤ የሚሄድ መሆኑን ያወቀም አይመስል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ቅርጹ እንደገና ጥቂት ሲዞር፣ የመሐሉ ነጥብ ተሰንጥቆ ቀዩና ጥቁሩ ሲለያዩ ጣሀ ቆመ። እጁን ወደ ብርሃኑ ዘረጋ፤ ጥላው በስክሪኑ ላይ ወደቀ።

«ይሄን እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። «ወላሂ፣ እዚህ ነው ያሰርኩት። ለካ ሌላ ቦታ ነበሩ…» ዕንባው በጉንጩ ሲወርድ አልጠረገውም። ሀምዲያ ከማይክራፎኑ ፊት እንደቆመች እሷም አለቀሰች፣ ስንት ዓይን እንደሚያያት ረስታ።

ሀጂ ኡመር ተነሱ። አዳራሹ ጭብጨባውን አቆመ። ቀስ እያሉ ወደ መድረኩ ወጥተው ከቀርከሃው አጠገብ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸውን ወደ መሐሉ ሰደዱ። የቋጠሮውን ክር በጣታቸው ተከተሉት፤ ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ በራሱ ሥር ገብቶ ይጠፋል።

«ይሄ ማሰር… ማን አሳየህ?» አሉ በሰባራ አማርኛቸው፣ ወደ ጣሀ ዞረው።

«ሆሞሻ አንድ አዛውንት ነበሩ አባቴ፣ አላህ ይርሐማቸው። ሰባት ዓመት ከሳቸው ጋር ቀርከሃ ቆርጫለሁ።»

«አባቴ ቤት ሲሠራ፣ የጣሪያው አናት እንዲህ ነው ያሰረው። እኔ ትንሽ ልጅ፣ ክሩን ያዝኩለት።» ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ቆየ። «ከዚያ እኔ ጨርቅ ሸጥኩ። እጄ ረሳው። ልጄ ኮምፒውተር ያውቃል፣ ይሄን ግን አያውቅም። አንተ የወሎ ልጅ ነህ፣ አልረሳህም።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሀምዲያ። እነዚህ ሁለቱ፣ ቀይና ጥቁር። በእውነት ሩቅ ነው?»

«ከነሱ የበለጠ የሚራራቅ የለም አባ።»

«እዚህ ግን አንድ ቦታ ነው።»

«አዎ አባ።»

ሀጂ ኡመር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ቀጥሎ የተናገሩት ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ሀምዲያ ድምፁን ስትሰማ እንቢ ሊሉ ነው ብላ ደነገጠች፣ አባቷ ሲቆጡ እንዲህ ነውና።

«ነገ ጉባ ትሄዳለህ አሉኝ።»

«አስቤ ነበር አባቴ።»

«አትሂድ። የሆሞሻው ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ነገ ና፣ እየው።»

«እሺ አባቴ። ቆንጨራዬን ይዤ በጠዋት እመጣለሁ።»

«ቆንጨራ ተወው። አባትህ ይዘህ ና።»

የሆሞሻ ሽማግሌዎች እርስ በእርሳቸው ተያዩ። አንዱ ጢማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። ፍሬሕይወት አፏን በእጇ ያዘች። ጣሀ ብቻ ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

«አባቴ እኮ ገበሬ ነው» አለ። «ጣሪያ አያውቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሀጂ ኡመር አልሳቁም፣ ዓይናቸው ግን ሳቀ። ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው በበርታ ቋንቋ፣ ለእሷ ብቻ፣ እንዲህ አሏት፦

«ይሄ ልጅ ማንም ያላየውን ያያል፣ ሰው ሲነግረው ግን አይገባውም። አንቺ ንገሪው።»

ሀምዲያ ከመድረኩ ወርዳ ጣሀ ፊት ቆመች። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ሳቋ ቀደማት። አንድ ክንድ እንኳ አይራራቁም፤ የቀርከሃው ጥላ በሁለቱም ላይ ወድቋል። ጣሀ ፊቷን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ተመልሶ ፊቷን አየ። ከዚያ በጥር ወር መዶሻውን ይዞ እንደቆመው ሁሉ ዝም አለ፣ ሀምዲያም በዚህ ጊዜ ዝምታው እሺታ መሆኑን አወቀች።